ደላላው ለራሱ ሲመርጥ

ጋሽ ቁልፉ ሰው ቤት የሚያስገባበት የራሱ ዘዴ ነበረው። ቤት ፈላጊ ሲመጣለት ሦስት ቤት ያሳያል፤ አይበልጥም፣ አያንስም። የመጀመሪያው ጣሪያው የሚያፈስ፣ ግድግዳው ሻጋታ የያዘ፣ ጎረቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ብረት የሚቀጠቅጥበት ነው። እዚያ ብዙ አይናገርም። «ይሄም እንግዲህ ቤት ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። ሁለተኛው አዳራሽ የሚያህል ሳሎን ያለው፣ ዋጋውን የሰማ ሰው መቀመጫ የሚፈልግበት ነው። እዚያም ብዙ አይናገርም። ሦስተኛው በር ላይ ሲደርስ ግን ምስጢር እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሦስተኛው ቤት፣ ቤት ፈላጊው ገና አፉን ሲከፍት ጋሽ ቁልፉ በልቡ ያጨለት ቤት ነው። ሰውየው «ይሄንን መርጫለሁ» ሲል፣ ጋሽ ቁልፉ እንደ ተሸነፈ ሰው አንገቱን ደፍቶ «እንግዲህ ምን አደርጋለሁ፣ ዓይንዎ አዋቂ ነው» ይላል።

የሰፈራችን ሰው ግማሹ የገባው በዚህ ዓይነት ነው። አንድ ቀን ውሃ ጠፍቶ ባልዲያችንን ይዘን ስንጠብቅ፣ በወሬ በወሬ ሁላችንም ሦስተኛ ቤት ውስጥ እንደምንኖር ተደረሰበት። መቆጣት ያማረው ሰው ነበር፤ ነገር ግን ቤቶቹ ደህና ቤቶች ስለነበሩ ቁጣው የሚይዘው ነገር አጣ።

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ብቻ ናቸው። የኮቱ ኪሶች በሰው ቤት ቁልፍ ስለሚሞሉ ሲራመድ ከሩቅ ይሰማል። ሰባውን ካለፈ ቆይቷል፤ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ለማሳየት ከደንበኛው ቀድሞ የሚወጣ፣ እላይ ሆኖ «አይዞዎት፣ አየሩ ከዚህ ይጀምራል» እያለ የሚያበረታታ ሽማግሌ ነበር።

ኋላ ነው ደረጃዎቹ የበረቱበት። በመጀመሪያ ጥፋቱን በግንበኞች ላይ አደረገ። «የዛሬ ልጆች ደረጃ ሲሠሩ ያጭበረብራሉ፤ አንዱን ሁለት ያደርጉታል» አለ። ከዚያ እግሩ አበጠና ጫማው ከዳው። ጥፋቱን በጫማ ሰሪው ላይ አደረገ። ምግብ ብረት ብረት ሲለው በሚስቱ ድስት ላይ ሊያደርግ ነበር፤ እሷ ግን የድስት ክዳን በእጇ ይዛ ስለነበር ሐኪም ቤት መሄድ መረጠ።

ሐኪሙ ውጤቱን አየና ኩላሊቶቹ ደክመው እንደቆዩ፣ አሁን የሚሠሩት ከመቶ አሥር እጅ ያህል ብቻ እንደሆነ ነገረው።

ጋሽ ቁልፉም «ቤት ቢሆን ኖሮ አፍርሳችሁ እንደገና ሥሩት እል ነበር» አለ።

«ማፍረሱን እንኳን ይተዉት፤ ግን እስኪቆሙ ባንጠብቅ ጥሩ ነው። አሁን በእግርዎ እየሄዱ ቢወስኑ ይሻላል፤ በአልጋ ተገፍተው ከመጡ በኋላ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው» አለ ሐኪሙ። ከዚያም ወደ ሲስተር ላከው።

ሲስተር በዚያ ሆስፒታል ያላት ሥራ ለየት ያለ ነው። መርፌ አትወጋም፣ መድኃኒት አታድልም። ኩላሊታቸው የደከመ አረጋውያንን አጠገቧ አስቀምጣ ማስመረጥ ነው ሥራዋ። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አራት የማይመሳሰሉ ወንበሮች፣ ለሁለት የሚከፈት የፕላስቲክ ኩላሊት፣ የታጠበ አንሶላ ወደተሰጣበት ግቢ የሚያይ መስኮት። ጋሽ ቁልፉ ገና ሲገባ መስኮቱን አይቶ «ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ ግን ወደ ሰሜን ነው፣ በክረምት ይቀዘቅዝሻል» አላት።

አብረውት ሚስቱና ልጁ ነበሩ። ልጁ አስተማሪ ናት። ያልተጠየቀችውን ሳይቀር የመመለስ ልማድ አላት።

«አባባ፣ እንዴት ነው እንቅልፍዎ?» አለች ሲስተር።

«አይተኛም» አለች ልጁ።

«ምግብስ?»

«ቀንሷል፣ ጨው ግን ይሰርቃል» አለች ልጁ።

«አባባ መናገር ይችላሉ?»

ልጁ ልትመልስ አፏን ከፍታ ነበር፤ እናቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

ሲስተር ወንበሯን አስተካከለችና «እንግዲህ ከፊታችን ሦስት መንገድ አለ» አለች።

ሦስት ሲባል የጋሽ ቁልፉ ጆሮ ቆመ። ሚስቱን ጠቀሳት። ሚስቱ ምን እንዳየ አልገባትም፤ እሱ ግን አንድ ባለሙያ ሌላውን እንዳገኘ ገብቶታል።

የመጀመሪያው፣ አለች ሲስተር፣ እዚሁ ሆስፒታል በማሽን የሚደረግ እጥበት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣሉ፤ ደምዎ በማሽኑ እየዞረ ሲታጠብ አራት ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ። «የሚያፈሰው ቤት» አለ ጋሽ ቁልፉ በልቡ። ሁለተኛው በቤት የሚደረግ ነው፤ ሆድ ላይ ትንሽ ቱቦ ይገባል፣ በቱቦዋ በኩል ንጹሕ ፈሳሽ ወደ ሆድ ይሞላል፣ ቆይቶ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል፤ በቀን አራት ጊዜ እንደዚያ ይቀየራል። «ባለ አዳራሹ» አለ ጋሽ ቁልፉ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ሲስተር ወንበሯን ጠጋ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። አንዳንድ ሰው፣ በተለይ ዕድሜው የገፋና ሌላ ሕመም የተደራረበበት፣ ያለ እጥበት መኖርን ይመርጣል፤ ዕድሜው ሊያጥር ይችላል፣ እኛ ግን አንተወውም፤ ማሳከኩን፣ ማበጡን፣ ማቅለሽለሹን በመድኃኒት እያስታገስን እስከ መጨረሻው አብረነው እንሆናለን አለች።

ጋሽ ቁልፉ ብድግ አለ። «ተነሱ እንሂድ!»

ኮሪደሩ ላይ ከወጡ በኋላ ነው የተነፈሰው። «አያችኋት አይደል? ሦስተኛው ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች! ይቺ ልጅ ሞትን ልታከራየኝ ነው!»

«ልክ ነህ አባዬ» አለች ልጁ ዓይኗን እየጠረገች። «ምን ምርጫ አለ? ማሽን ነው። በቃ።»

እንዲህ ሆኖ አባትና ልጅ ለየብቻቸው በተሳሳተ ምክንያት ተስማሙ። በዚያው ሳምንት ልጁ ወንድሞቿን በስልክ ሰብስባ ማን በየትኛው ቀን አባታቸውን ወደ ሆስፒታል እንደሚወስድ ተራ አወጣች። አንዱ ጠዋት አይመቸኝም አለ፣ ሌላው መኪናዬ ጋራዥ ናት አለ፣ ተጨቃጨቁ፣ ታረቁ፣ ወሰኑ። ጋሽ ቁልፉ ይህንን የሰማው ከትንሹ ልጁ ነው፤ «አባዬ፣ ሐሙስ ሐሙስ የኔ ነህ» ብሎ ሲደውልለት።

«ጉድ እኮ ነው!» አለ ለሚስቱ። «ስለ እኔ ደም ስብሰባ ተደርጎ እኔ አልተጠራሁም!»

«እኔስ ተጠርቻለሁ?» አለች ሚስቱ። እሱ ግን ጫማውን እየፈለገ ስለነበር አልሰማትም።

ብቻውን ወደ ሲስተር ተመለሰ። ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና «እስቲ ከኋላ ጀምረሽ ንገሪኝ» አላት። ሲስተር ከሦስተኛው ጀምራ ወደ መጀመሪያው ነገረችው። «አሃ፣ ዛሬ ደግሞ ማሽኑን ነው የምትሸጪው። እስቲ ከመሐል ጀምሪ» አላት። ከመሐል ጀመረች። ጋሽ ቁልፉ ግራ ገባው። ግማሽ መንገድ ላይ ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ቤት አገናኛለሁ።»

«ደላላ ነዎት!»

«ሰው እንደዚያም ይለኛል» አለና፣ የሦስቱን ቤቶች ዘዴ ከነምሳሌው ዘረገፈላት። ሲስተር እስኪያማት ሳቀች።

«እና እኔ ሦስተኛውን ልሸጥልዎ መስሎዎት ነው ጥለውኝ የሄዱት?»

«ድምፅሽን ዝቅ አደረግሻ! ሦስተኛው ላይ ድምፅ የሚቀንሰው ማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።»

«ዝቅ ያደረግሁት ልጅዎ ስታለቅስ አይቼ ነው።»

ጋሽ ቁልፉ ልጁ ስታለቅስ አላየም። ያን ቀን ያየው ሻጯን ብቻ ነበር።

«ስሙኝ አባባ» አለች ሲስተር። «ከሦስቱ የቱንም ቢመርጡ እኔ የማገኘው የለም፣ የማጣውም የለም። ደግሞም እስካሁን ምን ዓይነት ቤት እንደሚፈልጉ አልነገሩኝም። ለእርስዎ ጥሩ ቀን የሚባለው ምን ዓይነት ቀን ነው?»

ጋሽ ቁልፉ ጺሙን አሻሸ። በዚህ ሁሉ ዘመን ደንበኞቹን ስንት ክፍል እንደሚፈልጉና መቼ እንደሚገቡ ጠይቋል፤ ይህንን ግን አንድም ሰው ጠይቆ አያውቅም፤ እሱንም የጠየቀው የለም።

«ጥሩ ቀን» አለ ቀስ ብሎ፣ «አዲስ ተጋቢዎች ይዤ ወጥቼ፣ በሩን ስከፍትላቸው፣ ሴትየዋ እግሯ ሳያስፈቅዳት ወደ ማድ ቤቱ መስኮት ስትሄድ ነው። ያን ጊዜ ቤቷ ሆነ ማለት ነው። ይሄ በሳምንት አንዴ ቢደርስልኝ ይበቃኛል።»

«መጥፎ ቀንስ?»

«ልጆቼ ተራ ይዘው እንደ ሻንጣ ከዚህ እዚያ ሲያደርሱኝ።»

ሲስተር ይህንን ከሰማች በኋላ መምከር አልጀመረችም። ይልቅ «ቤት ሳያዩ ውል ይፈርማሉ?» አለችው።

«ምን በወጣኝ!»

«በሉ ይነሱ፣ የመጀመሪያውን እንየው።»

የእጥበት ክፍሉ ሰፊ ነው። ማሽኖቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው ያንጎራጉራሉ፤ ከየማሽኑ አጠገብ ሰው ተንጋሎ ተቀምጧል። አንዱ ያንቀላፋል፣ አንዷ ሹራብ ትሠራለች። ጋሽ ቁልፉ እንደ ልማዱ ግድግዳውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ አየ፣ ጣሪያውን ቃኘ፣ ከዚያ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ጋ ቆመ።

«እንዴት ነው ወዳጄ፣ ጎረቤቱ ይመቻል?»

«ጎረቤቱ ሸጋ ነው» አለ ሹፌሩ። «በስተቀኝ ያለው ያንኮራፋል እንጂ።»

«ውሃ?»

«ውሃ የሚለካው በብርጭቆ ነው። ያቺን ታህል።»

«እውነቱን ንገረኝ፤ እኔ ለሰው አልናገርም።»

«እውነቱን ከፈለግህ፣ ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ከሰው የማወራው እዚህ ነው። ባልመጣ ይከፋኛል። ግን ከዚህ በወጣሁበት ቀን ለሌላ ነገር አልረባም፤ እንደ ጨርቅ ታጥቤ እንደ ጨርቅ ነው የምሰጣው።»

ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ ጋሽ ቁልፉ ራሱን ነቀነቀ። «ደህና ቤት ነው። የእኔ ግን አይደለም።»

ስለ ሦስተኛውም ጠየቃት፤ በዚህ ጊዜ ድምፅዋን ሳይሆን ቃሏን እያዳመጠ። ሲስተር አልደበቀችውም፤ ያንን መንገድ መርጠው አትክልታቸውን እየኮተኮቱ ያሉ አዛውንት እንዳሉ፣ መርጠው ብዙ ሳይቆዩ ያረፉም እንዳሉ ነገረችው። «እሱም ለባለቤቱ ቤት ነው» አለ ጋሽ ቁልፉ። «እኔን ግን ገና ደረጃ ያምረኛል።»

ስለዚህ በቤት የሚደረገውን መረጠ። ከመረጠ በኋላ ደነገጠ። «ሁለተኛውን! እኔ እኮ በዚህ ሁሉ ዘመን ለማንም ሁለተኛውን አስመርጬ አላውቅም!»

«ጎሽ» አለች ሲስተር። «ለሐኪሙ እነግረዋለሁ፤ ሆድዎን አይቶ ይሆናል ካለ፣ የሚቀረኝ ቤትዎን መጥቼ ማየት ብቻ ነው።»

ጋሽ ቁልፉ ላብ በላብ ሆነ።

ምክንያቱም ለሰፈሩ ሁሉ ቤት ያገኘው ሰው የሚኖረው ከአናጺ ቤት ጀርባ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው። ክፍሎቹ ጠባብ ሆነው አልነበረም የሚያስጨንቁት፤ የሞላባቸው ነገር ነው። ጋሽ ቁልፉ በር ሲጣል ማየት አይችልም። ከሚፈርስ ቤት ሁሉ በር ያመጣል፤ የመስኮት ፍሬም ያመጣል፤ አንዴ መታጠቢያ ገንዳ ተሸክሞ መጥቷል። በሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው ስለቆሙ እንግዳ ሰው መውጫውን ለማግኘት ሦስት በር ይሞክር ነበር። ሚስቱ ስትቆጣ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነው የሚባለው፤ አንተ ለራስህ በር ብቻ ቆርሰህ ቤቱን ረሳኸው» ትለዋለች።

ይህንን ቤት ያየች ነርስ እሺ አትልም ብሎ አሰበ። እሺ ካላለች ደግሞ ያው ተራው ነው፤ ሐሙስ የትንሹ ልጅ። እናም ጋሽ ቁልፉ ማንም ሌላ ሰው የማያደርገውን አደረገ። በኪሱ ካሉት ቁልፎች ውስጥ ገና ያልተከራየ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ የሁለተኛ ፎቅ ቤት ቁልፍ መዘዘ።

ለሚስቱ የነገራት በቀጠሮው ጠዋት ነው፤ ያውም ደረጃው ላይ።

«ማን ቤት ነው የምንሄደው?»

«እኛ ቤት።»

«የቱ እኛ?»

«ዝም ብለሽ ፈገግ በይ። ፈገግ ያለ ሰው የቤት ባለቤት ይመስላል።»

ሲስተር ስትመጣ ሁለቱ ሽማግሎች በባዶው ሳሎን መሐል፣ ከአናጺው በተዋሷቸው ሁለት ወንበሮች ላይ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ቀለሙ ገና ይሸታል።

«ዕቃ የለም እንዴ አባባ?»

«ቀለል ያለ ኑሮ እንወዳለን» አለ ጋሽ ቁልፉ።

ሲስተር ዙሪያውን አየች። «ደስ ይላል። እማማ፣ ትንሽ ውሃ ያጠጡኛል?»

ሚስቱ ተነሳች። በልበ ሙሉነት የከፈተችው የመጀመሪያው በር የቁም ሣጥን ሆነ። ሁለተኛው መጸዳጃ ቤት ሆነ። ማድ ቤቱን ስታገኝ መብራቱን ለማብራት ግድግዳውን እየዳሰሰች ቆየች፤ በመጨረሻ የተጫነችው ማብሪያ የሳሎኑን መብራት አበራ። ብርጭቆ የሚባል ነገር ቤቱ ውስጥ ስላልነበረ ባዶ እጇን ተመልሳ «ውሃው ዛሬ ሄዷል» አለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሽ ቁልፉ ቢሸሽግ ይችል ነበር። ያጋለጠው ምላሱ ነው። ሰው ይዞ ባዶ ቤት ውስጥ ቆሞ ዝም ማለትን ከየት ይልመደው! ሲስተር ወደ መስኮቱ ጠጋ ስትል ጊዜ አልቻለም። «የጠዋት ፀሐይ በዚህ ነው የምትገባው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጥላ ነው። ቧንቧው አዲስ ነው። ግድግዳው ድምፅ አያሳልፍም፤ ሕፃን ቢያለቅስ ጎረቤት አይሰማም። ባለቤቱም ሸጋ ሰው ነው፣ አያስቸግርሽም!»

ሲስተር ዞረች። «ባለቤቱ ማን ናቸው አባባ?»

ጋሽ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ጨበጠ።

«የኔ ልጅ» አለች ሚስቱ ወንበሯ ላይ እየተቀመጠች፣ «ይሄ ቤታችን አይደለም። ቤታችን ከአናጺው ጀርባ ነው። እኔ ቤቴን አላፍርበትም። በሮቹን ያመጣው እሱ ነው፣ የሚያፍረውም እሱ ነው።»

«አንቺ ደግሞ...»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። እስካሁን አንድ ሰው አልጠየቀኝም። ልጄ ማሽን አለች፤ እሱ ቤት አለ። ቤት ሲል ደግሞ በልቡ እኔን ነው። ቱቦውን እሷ ትሰካለች፣ እሷ ትነቅላለች ብሎ ነው። እዪው እጄን።» ዘረጋችው፤ ቅጠል ይመስል ይንቀጠቀጣል። «ክር ወደ መርፌ ማስገባት ካቃተኝ ስንት ጊዜዬ! ለዚህ ሰውዬ ሁሉን ነገር አደርጋለሁ፤ ገድዬው ግን ስሙን እየጠራሁ ሳለቅስ መኖር አልፈልግም።»

ጋሽ ቁልፉ ወደ ሚስቱ እጅ አየ። ስንት ቤት ከነሚስማሩ የሚያውቅ ሰው ይህንን አላወቀም ነበር። «አልነገርሽኝም» አለ።

«አልጠየቅኸኝም።»

ሲስተር ሁለቱንም ተራ በተራ አየች። ትቆጣለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን ኮቷን አነሳች። «እማማ፣ እርስዎ ምንም አይሰኩም። አባባ እጃቸው ካልተንቀጠቀጠ ራሳቸው ተምረው ራሳቸው ያደርጉታል። አሁን እውነተኛውን ቤት አሳዩኝ፤ ወንበሮቹንም ይዛችሁ ውረዱ።»

ወደ ቤት ሲሄዱ ጋሽ ቁልፉ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ሊያሳይ እየሄደ ከደንበኛው ኋላ ቀረ።

ሲስተር በበሮቹ መካከል ሸርተት ብላ ገባች። መታጠቢያውን ከፍታ ውሃው መውረዱን አየች፤ የውስጠኛው ክፍል በር ግጥም ብሎ መዘጋቱን አየች፤ የፈሳሹ ካርቶኖች የሚደረደሩበትን ቦታ በዓይኗ ለካች። ለጋሽ ቁልፉ ይህ ጊዜ የፍርድ ቀን ያህል ረዘመበት።

«ይበቃል» አለች።

«ምን ይበቃል? አይሆንም ነው?»

«ቤቱ ይበቃል። እኔ የምፈልገው ጥሩ ብርሃን ያለው አንድ ንጹሕ ጥግ፣ የሚዘጋ በርና እጅ መታጠቢያ ነው። ቤተ መንግሥት ማን ጠየቀዎት? ግን እነዚህ በሮች ይውጡ፤ አቧራ ናቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ያኛው እኮ ጥድ አይደለም፣ ጠንካራ እንጨት ነው...»

«ሁሉም!» አለች ሚስቱ፤ ስንት ዘመን የጠበቀችው ቃል ከሌላ ሰው አፍ በመውጣቱ ፊቷ በርቶ።

ሲስተር ገና ሳትሄድ በሮቹ ሲወጡ ልጁ ደረሰች። አናጺውና ሁለት ጎረቤቶች በር ተሸክመው ሲወጡ አይታ ቤቱ የፈረሰ መስሏት ነበር። ነገሩን ስትሰማ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ወረወረችው።

«ተራ ይዤልህ ነበር! ሁሉንም አስተካክዬ ነበር! አንተ ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነህ አባዬ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋሽ ቁልፉ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራት ነበር። አሁን ግን ሁለቱን የውሰት ወንበሮች ፊት ለፊት አደረገና አንዱን ገፋላት። «ተቀመጪ። ምን ፈርተሽ ነው?»

ልጁ ተቀመጠች። «እኔ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ፣ ስልኬን ዘግቼ፣ እዚህ አንድ ነገር ትሆናለህ ብዬ ነው» አለች። «እዚያ ግን ቢያንስ ነርስ ያይሃል።»

«እኔም የምፈራው አለ» አለ አባቷ። «ቱቦዋን ነካክቼ በጀርም ሆዴን አበላሻለሁ ብዬ እፈራለሁ። ሲስተርም ሊደርስ ይችላል ብላኛለች፤ አልሸሸገችኝም። ግን ልጄ፣ ይሄ ግዢ አይደለም፣ ኪራይ ነው። ካልተስማማኝ ለቅቄ ወደ ማሽኑ እሄዳለሁ። አይደል ሲስተር?»

«ልክ ነው። ሐሳብ መቀየር ይቻላል» አለች ሲስተር። «በየጊዜው እየተገናኘን ደግመን እንነጋገርበታለን።»

ልጁ አፍንጫዋን ጠረገች። «እንግዲያው እኔም ሥልጠናውን እወስዳለሁ። ላደርግልህ አይደለም። ስትሳሳት የቱ ጋ እንደተሳሳትክ እንዳውቅ ነው።»

«አስተማሪ!» አለ ጋሽ ቁልፉ። «ፈተና ልታርሚኝ ነው።»

በእርግጥም አረመችው። ቱቦዋ ከገባችና ሆዱ ከዳነ በኋላ ሥልጠናው ሲጀመር፣ ሲስተር በማስመሰያ አሻንጉሊት ላይ ስታሳየው ልጁ ከጎኑ ቆማ «እጅህን እንደገና ታጠብ፣ ቧንቧውን በታጠበው እጅህ ነካኸው» ትለው ነበር። እየተነጫነጨ ታጠበ። ሲስተር «ለብቻዎ ይችላሉ» ባለችው ቀን ደስታውን ለሰፈሩ ሁሉ በየበሩ ተናገረ፤ አንዳንዱ በር ላይ ሁለት ጊዜ።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሞ ያላሰበበት ነበር። ፈሳሹን ሲቀይር አፍና አፍንጫውን በማስክ መሸፈን፣ በሩን መዝጋትና አለመናገር ነበረበት። ከሰው ትንፋሽ ጀርም ይወጣልና።

የመጀመሪያውን ጠዋት ሚስቱ በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ወሬ የማትደብቅ አንዲት ጎረቤቷ መጣች።

«ምነው ቤቱ ጭር አለ? ጋሽ ቁልፉ የለም?»

«አለ። ውስጥ ነው።»

«ታሟል እንዴ?»

«ደህና ነው። ዝም እያለ ነው።»

ጎረቤቷ በድንጋጤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ለስንት ጊዜ?»

«ለግማሽ ሰዓት።»

«በወር?»

«ኧረ በቀን! ያውም አራት ጊዜ።»

ጎረቤቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እባክሽ ያቺን ሲስተር አገናኚኝ» አለች። «የኔው ባል ኩላሊቱ ደህና ነው፤ ግን ምናልባት ታስብበት እንደሆነ።»

ሁለቱ ሴቶች ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሚስቱ ግን እየሳቀችም ጆሮዋ ወደ ውስጥ ነበር። የውሃ ድምፅ ተሰማ፤ የሳሙና ዕቃ ተንኳኳ፤ እንደገና ውሃ። ልጇ እንዳስተማረችው ሁለተኛ ጊዜ እየታጠበ ነው። ከዚያ ጸጥ አለ፤ ጸጥታው እየረዘመ ሄደ፤ ሚስቱ የምትለውን ግማሽ ላይ እየረሳች ሁለት ሦስቴ ወደ በሩ ዞረች። አልተነሳችም፣ አልከፈተችም። እንዳትከፍት ተነጋግረዋል።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ቁልፉ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ ሸሚዙን እያስገባ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ብቅ አለ።

«ጨረስኩ! አንድ ጠብታ አልፈሰሰም!» አለ። ከዚያ ሁለቱን ሴቶች አየና «ማንን ነበር የምታሙት?» አለ።

«አንተን» አለች ሚስቱ።

«ደግ አደረጋችሁ» አለና ደፉ ላይ ተቀመጠ። «አራት ሰዓት ላይ ደረጃ የምወጣበት ቀጠሮ አለኝ፤ እስከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሩልኝ።»